ኬኔዲ የተገደለ ጊዜ የነበረውን የምታስታውሱ አላችሁ?

ብሩክታይት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዘመን ስትቆጥር «ኬኔዲ የሞተ ዓመት» ትላለች። አክስቴ ያገባችው ኬኔዲ የሞተ ዓመት ነው፣ አያቴ ቤት የሠራው ኬኔዲ በሞተ በዓመቱ ነው። እኔ ስድስት ኪሎ ስማር ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ብዙ አምሽቻለሁ፤ ግን ሰውየው ለእኛ ሰዎች ምን እንደነበረ አስቤው አላውቅም። ያኔ የነበራችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ማን አስገደለው የሚለውን ክርክር አይደለም የምፈልገው። የት ነበራችሁ? ማን ነገራችሁ? ቤት ውስጥ ምን ተባለ?

ዳዊት ዘቨርጂኒያ፦
አባቴ የሚያነሳው ቀብሩን ነው። ጃንሆይ ከፈረንሳዩ መሪ ከደጎል ጋር ጎን ለጎን ከሬሳው ኋላ በእግራቸው ሲሄዱ የሚያሳየውን ፊልም ባየ ቁጥር ዝም ይላል። ደጎል በጣም ረጅም፣ ጃንሆይ አጭር፤ ግን ዓይን የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። መስከረም 20 ቀን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥቶ የተቀበላቸው ኬኔዲ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሊቀብሩት ተመለሱ። አርሊንግተን ወስጄው ያንን የማይጠፋ እሳት ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ፤ የቤተሰብ መቃብር ላይ እንደሚባለው።

የጦሳ ልጅ፦
ብሩክታይት ልጄ፣ እኔ ያኔ ደሴ ወይዘሮ ስኂን ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ኬኔዲ የተመታው ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ዓርብ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የዋለበት ቀን። ዳላስ ቀትር ላይ ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ደሴ ምንም ሳይሰማ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦኖ ውሃ ተሰልፌ ሳለ ሬድዮ ካለው ጎረቤታችን ቤት ልጁ እየሮጠ መጣ። «የአሜሪካው መሪ ተገደለ!» አለ። ባልዲዬን ሳልሞላ ቤት ገባሁ።

አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጠባቂዎቹ ናቸው?» ብሎ ነው። የታኅሣሡ ግርግር ገና ሦስተኛ ዓመቱን መድፈኑ ነበር። በ1953 በጃንሆይ ላይ የተነሳው የገዛ ክቡር ዘበኛቸው ነው። መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ አንቺ የተማርሽበት ግቢ ማለት ነው። ስለዚህ አባቴ መሪ ተገደለ ሲባል ወዲያው የታየው ተኩስ ነው፤ ወንድም ከወንድሙ ሲታኮስ።

እንግሊዝኛ የምታስተምረን አሜሪካዊት ነበረች። ሰላም ጓድ ናት፤ የአሜሪካ መንግሥት ከላካቸው በጎ ፈቃደኞች፣ በ1955 መባቻ ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ። ገና የሃያ ሦስት ወይም የሃያ አራት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ተነስ፣ ለቅሶ እንድረሳት» አለኝ።

ስንደርስ ቤቷ ሞልቷል። የሰፈር ሴቶች መሬት ተቀምጠዋል። አንዲት እናት በሰፌድ ንፍሮ ይዘው መጥተዋል። እሷ ልማዱን አታውቅም። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ትላለች፣ ሻይ ላፍላ ትላለች፣ ለማናገር ትሞክራለች። ሴቶቹ ደግሞ ቃል አይተነፍሱም። ጨነቃት። ጠጋ ብዬ «ሚስ፣ ምንም አትበይ። እኛ መቀመጥ ብቻ ነው የመጣነው» አልኳት። ያን ጊዜ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ንፍሮውን ይዘው የመጡት እናት እንደ ልጃቸው እቅፍ አደረጓት።

ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ የኬኔዲ ፎቶ ነበር። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዋይት ሐውስ ሣር ላይ ሰብስቦ እንዳናገራቸው ነገረችን። እኔ አስተረጎምኩ። ሴቶቹ «አይ ልጅነት፣ እሱ ነው የላካት» ተባባሉ። ለእነሱ ነገሩ የገባው እዚያ ላይ ነው፤ የቤት ጌታ ሞቶባታል፣ እሷ ደግሞ ሩቅ አገር ናት።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠየቀኝ። «አገሩን አሁን ማን ያዘው?» ምክትሉ ጆንሰን እዚያው ዳላስ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቃለ መሐላ ፈጸመ አለች። «ጥይት አልተተኮሰም?» አልተተኮሰም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ደጋግሞ ያነሳው ይህንኑ ነው። ምኒልክ ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ተደብቆ ነው የከረመው፤ አገር እንዳይታወክ ተብሎ። ያኛው ግን በሞተ በሰዓታት ውስጥ ሞቱ ደሴ ደረሰ፤ ወንበሩም ባለቤት አገኘ።

በማግስቱ ደግሞ ገዳይ የተባለው ኦስዋልድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ ፖሊሶች እንደያዙት ተገደለ ተባለ። ያኔ አባቴ ራሱን ነቅንቆ «እነሱም ጋ አለ ለካ» አለ።

ሀብታሙ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰው እውነት አዝኖ ነው ወይስ ጃንሆይ ስላዘኑ ነው? ያን ዘመን ሰው ከላይ የሚመጣውን ነበር የሚከተለው ይባላል።

የጦሳ ልጅ፦
ሀብታሙ፣ ከላይ የመጣ ነገር የለም። ንፍሮ ቀቅላችሁ ሂዱ ብሎ ያዘዘ ባለሥልጣን አልነበረም። እሑድ ነው፣ ማንም አልሰበሰበንም። ጃንሆይ ጥሩ ወዳጁ ነበሩ፤ ጋዜጣ ላይ አብረው አይተናቸዋል፤ ያም ይረዳል። ግን ደሴ ውስጥ ኬኔዲ ማለት ልጆቻችንን የምታስተምረው ልጅ ናት። ለፖለቲካው ያለቀሰ አላየሁም። አሜሪካ ያደረገችውን ሁሉ ወደድን ማለቴም አይደለም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እኛው ተማሪዎቹ ነን በቬትናም ጉዳይ ሰልፍ የወጣነው። ያን እሑድ ግን የሞተባትን ሰው ነው ያየነው።

እመቤት፦
የአባትዎ ነገር ሆዴን በላው። ምክንያቱም እኔ የማስታውሰው የጃንሆይን ነው። ነሐሴ 1967፣ ልጅ ነበርኩ። ታመው ሞቱ ተብሎ በሬድዮ ተነገረ፤ አለቀ። ለቅሶ የለ፣ ቀብር የለ። እናቴ ሬድዮውን ዘግታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ በሩንም ዘጋች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ንፍሮ ብትቀቅል ምን ልትባል እንደምትችል ታውቃለች። መገደላቸው በኋላ በፍርድ ቤት የተባለ ነገር ነው፤ አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር የወጣው በ1984 ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ቅድስት ሥላሴ ሲቀበሩ እናቴ በእግሯ ሄደች። ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ታክሲ እንያዝ ብላት እምቢ አለች። «ለአሜሪካኑ በእግራቸው አልሄዱም እንዴ?» አለችኝ። ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ የዳዊትን ጽሑፍ ሳነብ ነው የገባኝ።

ብሩክታይት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እሷም ነበረች፤ ደብረ ብርሃን፣ ሰባተኛ ክፍል። እነሱም ጋ አንድ ሰላም ጓድ ነበር፤ ሰው ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ታመምክ ወይ ሊሉኝ ነው ብሎ ደንግጦ ነበር አለችኝ። ይህን ከዛሬ በፊት ነግራኝ አታውቅም። አንድ ጥያቄ ግን አላት፤ ጋሼ፣ ያቺ አስተማሪዎ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?

የጦሳ ልጅ፦
እናትሽን ሰላም በይልኝ። አስተማሪያችን ዓመቱን ጨርሳ በ1956 ክረምት አገሯ ገባች። ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ከአሜሪካ የሚመጣ ፖስታ ሲያስፈራ እኔ ነኝ ያቆምኩት። ያቺን ንፍሮ የቀቀሉ እናት ስም በየደብዳቤው ትጠይቀኝ ነበር፤ ደኅና ናቸው እያልኩ እጽፍላት ነበር።