ወንዴ ላይ ብቻ የነበረችው ባንድ ሴቴም ላይ ወጣች፤ ምን አጥፍቼ ነው?

ችግኝ አብቃይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሆነ ዛፍ ላይ ለመመረቂያዬ እየሠራሁ ነው። እስኪያብብ ዓመታት ስለሚፈጅ ፆታውን ገና በችግኝነቱ ልለይ ብዬ 5 ወንዴና 5 ሴቴ ዛፍ ይዤ በአርኤፒዲ ፕራይመሮች (ዲኤንኤውን ከዘፈቀደ ቦታ ለማባዛት በሚያገለግሉ አጫጭር ቁራጮች) ስዳክር ከረምኩ። በመጨረሻ ወንዴዎቹ ላይ ብቻ የምትታይ አንዲት ባንድ (ጄል ላይ የምትወጣ የዲኤንኤ መስመር) አገኘሁ። በደስታ ልሞት! ሌሎች 20 ዛፎች ላይ ስሞክራት ግን ሴቴው ላይ አለች፣ ወንዴው ላይ የለችም፣ ብቻ ዝብርቅርቁ ወጣ። ደግሞስ በዚሁ ዳታ የዘረመል ብዝኃነቱን ማስላት እችላለሁ?

ጄል ጠባቂ፦
አይዞሽ፣ ሁላችንም ቀምሰናታል። ግማሹ ዛፍ ላይ የሚገኝ፣ ከፆታ ጋር ምንም የማይገናኝ ባንድ እንዲያው በአጋጣሚ አምስቱም ወንዴዎች ላይ ወጥቶ ከአምስቱም ሴቴዎች የመጥፋት ዕድሉ ከ1024 አንድ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? አንድ ሺህ ባንድ ካየሽ ግን አንዷ እንደዚያ ብትሆን ምን ይገርማል። 15 በ15 ብታደርጊው ዕድሉ ከቢሊዮን አንድ ገደማ ይወርዳል። አርኤፒዲ ራሱም አመለኛ ነው፤ ፕራይመሩ 10 ፊደል ብቻ ስለሆነ ዲኤንኤው ትንሽ ካልጠራ ባንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ቅጠል በጣሽ፦
ጄል ጠባቂ ልክ ነው። ደግሞ ባንድ ጠፋ ማለት ሴቴ ነው ማለት አይደለም፣ ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን የማባዛቱ ሥራ) ከሽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፆታ ላይ የግድ የሚወጣ ሌላ ፕራይመር እዚያው ቱቦ ውስጥ ጨምሪ። ከሌላ ዛፍ የተዋስሽውን ማርከርም (የፆታ መለያ ምልክት) አትመኚ። ፓፓያ ላይ ዋይ ክሮሞዞም ያለው ወንዴውና ሁለቱንም ፆታ አጣምሮ የሚይዘው ነው፣ ሴቴዋ ኤክስኤክስ ናት። ፖፕላር የሚባሉት ዛፎች ግን እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም፤ ነጩ ፖፕላር ላይ ፆታ የሚለየውን ክሮሞዞም የምትይዘው ሴቴዋ ናት።

ሥር ቆፋሪ፦
ለብዝኃነቱ አርኤፒዲን ተዪው። ባንድ አለ ወይ የለም ከማለት በቀር ከእናትና ከአባት የመጣውን ለይቶ አያሳይሽም። ማይክሮሳተላይት (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የዲኤንኤ ክፍል) ሁለቱንም ያሳይሻል። ከሥር የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መንትያዎቹን (ከአንድ ሥር የወጡትን) አውጪ። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ፓንዶ የሚሉት የአስፐን (የፖፕላር ዘመድ) ጫካ አለ፣ 47,000 ያህል ግንድ፤ ሁሉም አንድ ወንዴ ዛፍ ነው! እዚያ 50 ናሙና ብትሰበስቢ 50 ጊዜ ያንኑ ዛፍ ነው የለካሽው። ሌላው፣ ፆታውን ካወቅሽ አይቀር ቁጥሩን ተጠቀሚበት። ከ100 ዛፍ 10ሩ ብቻ ወንዴ ቢሆኑ፣ 4 ሲባዛ በወንዴ ሲባዛ በሴቴ፣ ሲካፈል ለድምሩ፣ ውጤቱ 36 ነው። በዘረመል ዓይን 100 ሳይሆን 36 ዛፍ ነው ያለሽ።

ችግኝ አብቃይዋ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች! የእኔም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሃያዎቹ ደግሞ ከአንድ ቦታ፣ ተቀራርበው የበቀሉ ናቸው። ወደ ጫካ ተመለስኩ።