የእንስሳ ድምፅ «ባዶ ጩኸት» ነው?

የጓሳው፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «የእንስሳ ድምፅ ባዶ ጩኸት ነው፤ ሰው መቼም አይረዳውም» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። መንዝ መጥቶ ማታ በግ ሲገባ ይይ። ግልገሉ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የእናቱን ድምፅ ለይቶ ሲሮጥ፣ እሷም አፏን ዘግታ በጉሮሮዋ እምምም ስትለው ይስማ። ይሄ ነው ባዶ?

ተጉለቴ፦ ግልገሉ እናቱን ለየ። አንተ ምን ተረዳህ?

መምህሩ፦ ኬንያ አምቦሴሊ የተጠኑትን ጦጣዎች አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ነው። ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የሚጮሁት ለየቅል ነው። ተመራማሪዎቹ ድምፁን ቀድተው፣ አውሬው በሌለበት አሰሟቸው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ፣ የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አዩ፣ የእባቡን ሲሰሙ መሬት መሬቱን።

ተጉለቴ፦ መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ሦስት ጩኸት ቋንቋ አይሆንም። «ትናንት እዚህ ነብር ነበር» የምትል ጦጣ ያሳዩኝ።

የጓሳው፦ ነገር አታዙር! የተባለው «ባዶ» ነው። ባዶ ከሆነ ለምን ዛፍ ወጡ?

ጣርማበር፦ እናንተ ስትከራከሩ ጭላዳ ገብሳችንን ጨረሰው። ወንዱ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ካሳየህ ተቆጥቷል፣ ዞር በል። ይህን እረኛ ሁሉ ያውቃል። የሰብሉን ጉዳይ ግን የሚሰማን የለም።

የጓሳው፦ ይኸው ገብቶሃል!

ጣርማበር፦ ቁጣው ገባኝ እንጂ ወሬው አልገባኝም። አፌ ላይ ቃል አትጨምር።

መምህሩ፦ ሞዛምቢክ ኒያሳ ውስጥ ሰውን ወደ ማር የምትመራ ወፍ አለች። ማር ቆራጮቹ «ብርርር-ህም» ብለው ሲጠሯት፣ በእሷ መሪነት ንብ የማግኘት ዕድላቸው ከ17 ከመቶ ወደ 54 ከመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ነው።

ተጉለቴ፦ እዚያ ላይ ወፏ ሰውን ተረዳች። ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው።

የጓሳው፦ እሷስ እየጮኸች አይደል የምትመራው? ድምፅዋን ተከትሎ ማሩን ቆረጠ እኮ!

ተጉለቴ፦ መከተል መረዳት አይደለም። በልቧ ያለውን ማን አወቀ?

የጓሳው፦ የጎረቤትህንስ ልብ በምን ታውቃለህ? ሲናገር ሰምተህ፣ ሲያደርግ አይተህ አይደል?

ተጉለቴ፦ ጎረቤቴን ካልገባኝ እጠይቀዋለሁ፣ ይመልስልኛል። ወፏን ጠይቃት።