ጨረታውን ካሸነፍኩ በኋላ ሻጩ «አልሸጥም» አለኝ፤ የገንዘቤ መመለስ ነገሩን ይዘጋዋል?

ጠያቂ፦ ቡና ቆዪ፣ ከፍራንክፈርት

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በጀርመን አገር የምትኖሩ ወይም ሕጉን የምታውቁ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ለቤቴና ለማኅበራችን የሚሆነውን ቡና በብረት ምጣድ ስቆላ ኖሬያለሁ። ጢሱ ፎቅ ላይ ላለ ቤት አልመች ስላለና ጎረቤቶቼም ስለተማረሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኪሎ የሚቆላ ያገለገለ ማሽን ለረጅም ጊዜ ስፈልግ ቆይቼ ባለፈው ወር በኢንተርኔት ጨረታ ላይ አገኘሁ። ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን ግለሰብ ነው። መነሻ ዋጋው 1 ዩሮ ነበር፤ ጨረታው እሑድ ማታ ሲዘጋ በ640 ዩሮ አሸናፊ ሆንኩ። ወዲያውኑ ከፈልኩ፤ ሻጩም አድራሻውን ልኮልኝ ቅዳሜ ሄጄ እንድወስድ ተስማማን።

ማክሰኞ ዕለት «ማሽኑ ከቦታው ሲነሣ ወድቆ ተሰብሯል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የተሰበረውን ክፍል ፎቶ እንዲልክልኝ በትሕትና ብጠይቀው፣ «እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚህ ዋጋ አልሰጥም፤ ገንዘብዎ ይመለስልዎታል» ብሎ ጻፈልኝ። ገንዘቡም ሐሙስ ዕለት ተመለሰ። ከዐሥር ቀን በኋላ ግን ያንኑ ማሽን በሌላ የሽያጭ ገጽ ላይ በ1,900 ዩሮ አውጥቶት አየሁ። ያው ማሽን መሆኑን ያወቅሁት የናሙና ማውጫው የእንጨት እጀታ ተሰንጥቆ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ስለታሰረ ነው። ያንን ሽቦ በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ አጉልቼ አይቼው፣ እጀታውን የት እንደማስጠግነው ሳይቀር አስቤ ነበር።

ወዳጆቼ «ገንዘብሽ ከተመለሰ ምን ጎደለብሽ? ተዪው» ይሉኛል። እኔ ግን በደል እንደተፈጸመብኝ ይሰማኛል። ለመሆኑ ሕጉ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚለው ነገር አለ?

መልስ፦ አስተርጓሚው፣ ከኮሎኝ

እህቴ፣ የገንዘቡ መመለስ ነገሩን አይዘጋውም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን በጠበቆች ቢሮና በፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እስኪሻገር ድረስ ሁለቱም ወገን «ትቼዋለሁ» ማለት የሚችሉ ስለሚመስለው ነው። በጀርመን ሕግ ግን ሻጩ ዕቃውን ለጨረታ ሲያወጣ፣ ጊዜው ሲያበቃ ከፍተኛውን ዋጋ ላቀረበው ሰው ለመሸጥ አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲያልቅ ውሉ ተፈጽሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 433 መሠረት ሻጩ ዕቃውን የማስረከብ፣ ገዢውም ዋጋውን የመክፈል ግዴታ አለባቸው። ገንዘቡን መልሶ መላክ ለሻጩ ከዚህ ግዴታ መውጫ በር አይሆነውም።

«ዋጋው አነሰብኝ» የሚለው መከራከሪያም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት የመረመረው ጉዳይ የአንድ አዲስ ፎልክስቫገን ፓሳት ነበር። የዝርዝር ዋጋው 57 ሺህ ማርክ ገደማ የሆነው መኪና በ10 ማርክ ተነሥቶ በ26,350 ማርክ ጨረታው ተዘጋ፤ ሻጩ በዚህ ዋጋ አልሸጥም ቢልም ፍርድ ቤቱ ውሉን አጸናው። በ2014 የተወሰነው ደግሞ ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ፓሳት በ1 ዩሮ መነሻ ጨረታ ላይ ካወጣ በኋላ ከጨረታው ውጭ 4,200 ዩሮ የሚሰጥ ገዢ ስላገኘ ጨረታውን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አቋረጠው፤ በዚያች ቅጽበት ብቸኛው ተጫራች የነበረው ሰው ከሰሰ። መኪናው 5,250 ዩሮ ያወጣ ስለነበር 5,249 ዩሮ ካሳ ተፈረደለት። ፍርድ ቤቱ መነሻ ዋጋውን 1 ዩሮ ያደረገው፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ወሰንም ያላስቀመጠው ሻጩ ራሱ ስለሆነ አደጋውንም የመረጠው እሱ ነው ብሏል።

ሻጩ በሕግ ነጻ የሚወጣበት መንገድ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። በ2011 ለጨረታ የወጣ ካሜራ ጨረታው ሳያልቅ በመሰረቁ ሻጩ ጨረታውን ማቋረጡ ትክክል ነው ተብሎለታል። የእርስዎ ሻጭ ግን መጀመሪያ ተሰበረ አለ፣ ቀጥሎ ዋጋው እንዳልተስማማው በጽሑፍ አረጋገጠ፣ በመጨረሻም ያንኑ ዕቃ ለገበያ አወጣ። ጨረታው ከተዘጋ በኋላ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሰብሮት ቢሆን እንኳ ከካሳ አያመልጥም ነበር።

አሁን እጅግ እንዲጠነቀቁ የምለምንዎ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጨረታው ገጽ በኩል የስረዛ ጥያቄ መጥቶልዎት ከሆነ «እስማማለሁ» የሚለውን እንዳይጫኑ፤ ኋላ ውሉን በስምምነት አፍርሰናል ብሎ ሊከራከርበት ይችላልና። ሁለተኛው፣ ማሽኑን ራሱን የሚፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤ ካሳ አይጠይቁ። በአንቀጽ 281 መሠረት በዕቃው ፈንታ ካሳ የጠየቀ ሰው ከዚያ በኋላ ዕቃውን ልጠይቅ ቢል አይችልም። ስለዚህ 640 ዩሮውን ዳግም ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን ገልጸው፣ ቁርጥ ያለ ቀን ጠቅሰው፣ ለምሳሌ የ14 ቀን ጊዜ ሰጥተው፣ ማሽኑን እንዲያስረክብዎ በአደራ ደብዳቤ ይጻፉ። ቀኑ ካለፈ ያን ጊዜ ወደ ካሳው ይሻገራሉ፤ ካሳውም ማሽኑ በገበያ በሚያወጣው ዋጋና በ640 ዩሮ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካም መሠረቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ቢጠቅም ብዬ ነው። አብዛኞቹ ግዛቶች የተቀበሉት ወጥ የንግድ ሕግ ሻጩ ካላስረከበ ገዢው ሁለት አማራጭ እንዳለው ይደነግጋል፦ ተመሳሳይ ዕቃ ከሌላ ቦታ በአግባቡ ገዝቶ የዋጋውን ልዩነት መጠየቅ፣ ወይም ሳይገዛ በገበያው ዋጋና በውሉ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት መጠየቅ። በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክስ ያለ ጠበቃ በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት ይታያል። ዕቃውን ራሱን ለማስረከብ ማስገደድ ግን አሜሪካና አውስትራሊያ በሚከተሉት የእንግሊዝ ሕግ ሥርዓት ዕቃው ብርቅ ካልሆነ በቀር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በኢቤይ በ150,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጨረታ ያሸነፈ ሰው ዊራዌይ የተባለችውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላን እንዲረከብ የተፈረደለት፣ ምትክ በቀላሉ የማይገኝላት ስለሆነች ነው። ሻጩ 100,000 ዶላር የሚጨምር ሌላ ገዢ አግኝቶ ነበር።

መልስ፦ ጋሽ፣ ከሐኖቨር

ልጄ፣ አስተርጓሚው የጻፈልሽ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ባለ ነገር ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ያገኘሁትን ላካፍልሽ። የ1,900 ዩሮው ማስታወቂያ ሻጩ የተመኘው ዋጋ እንጂ ማሽኑ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። እኔ ያገለገለ የእንጨት ማሽን ጉዳይ ይዤ ስቀርብ ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ ተመሳሳዩ ዕቃ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ነበር፤ በእጄ የነበረው ግን የማስታወቂያ ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ አገኛለሁ ካልሁት ግማሽ በሚሆን ገንዘብ በዕርቅ ጨረስኩ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረሽ የተሸጡ ተመሳሳይ ማሽኖችን ዋጋ ከነቀኑ ሰብስቢ። አዲሱ ማስታወቂያም ነገ ሊጠፋ ይችላልና ሁለቱንም ማስታወቂያዎች፣ በተለይ ሽቦው የሚታይባቸውን ፎቶዎች፣ ቀናቸው እንዲታይ አድርገሽ በስክሪንሾት አስቀሪ፤ አንድ ወዳጅሽም በዓይኑ ይያቸውና ምስክር ይሁንሽ።

በዚህ አገር የተሸነፈ ወገን የፍርድ ቤቱንና የባላጋራውን ጠበቃ ወጪ እንደሚሸፍንም እወቂ። በዚህ መጠን ላለ ክርክር አምትስጌሪሽት በሚባለው ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል፤ ቢሆንም ከመክሰስሽ በፊት ጠበቃ ማማከሩ አይጎዳሽም። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ከዚያው ፍርድ ቤት ቤራቱንግስሂልፈሻይን (የሕግ ምክር ድጋፍ ማረጋገጫ) የሚባለውን ወረቀት ብታወጪ ለጠበቃው የምትከፍዪው 15 ዩሮ ብቻ ነው። የይርጋው ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖ የሚቆጠረውም ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ፣ ቀን አለፈኝ ብለሽ አትጨነቂ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሌባ፣ አጭበርባሪ የሚል ቃል እንዳይገባ፣ ፖሊስም እጠራለሁ እንዳትዪ፤ ገንዘቡን መልሶልሻልና የውል ጉዳይ ነው፤ ስድቡ ለእሱ መከላከያ ይሆነዋል።

ጠያቂ፦ ቡና ቆዪ፣ ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስረዛ ጥያቄው መጥቶልኝ ነበር፤ ነገሩ ስላልገባኝ ብቻ ምንም ሳልጫን ትቼው ነበርና እግዚአብሔር ጠበቀኝ። ትናንት ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ላክሁ። ካሳ የሚል ቃል አላስገባሁበትም፤ የምፈልገው ማሽኑን ነውና 640 ዩሮ ይዤ እንደምመጣ፣ የ14 ቀን ጊዜም እንደሰጠሁት ጻፍኩ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አትሜ፣ የመዳብ ሽቦውን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ አያያዝኩበት። ሌላ አስተያየት አልጨመርኩም። ከጋሽ ምክር በኋላም ባለፉት ሦስት ወራት የተሸጡ ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች አግኝቻለሁ፤ አንዱ በ1,550፣ ሌላው በ1,700 ዩሮ ነው የተሸጡት። እሺ ካለኝ፣ ስረከብ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ አስተርጓሚው፣ ከኮሎኝ

ብቻዎን አይሂዱ፤ ጀርመንኛ በደንብ የሚናገር አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ገንዘቡን ከማስረከብዎ በፊት ማሽኑ ተሰክቶ ከበሮው ሲዞርና ሲሞቅ ይዩ፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይዘው ሄደው እዚያው ቢቆሉበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። በማስታወቂያው ያልተጻፈ ስብራት ካገኙ ወዲያው ፎቶ አንሥተው፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት ወረቀት ቢያቀርብልዎ፣ ማሽኑ በደንብ መሥራቱን ሳያረጋግጡ እንዳይፈርሙ።