ሽጉጤ ነከሰብኝ፣ ከዚህ በኋላ ልመነው ወይስ ልተወው?

ባለመጋዘኑ (ፍኖተ ሰላም)
ሰላም ጎበዝ እንዴት ከረማችሁ። ከአባቴ የወረስኩት ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ፣ ፈቃዱ ወደ ስሜ ዞሯል ስለዚህ እሱን አትጠይቁኝ። የእህል መጋዘን ስላለኝ በቆሎና በርበሬ በሚገባበት ሰሞን ማታ እዛው ነው የማድረው። ሰሞኑን ከሚሊሻ ጓደኞቼ ጋር ተፈቅዶልን ኢላማ ልንተኩስ ወጥተን ካዝናው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቀለሁ ሳይወጣ ቀርቶ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት) መሀል ቀጥ ብሎ ቆመና ነከሰ። አውጥቼ ስቀጥል ደህና ሆነ፣ ከዛ ደሞ አንዷ ጥይት ቃታውን ስስበው ቷ ብላ ከሸፈች። የቀሩት በሙሉ ምንም አላሉም። አጎቴ የአባት መሣሪያ አይጣልም ይለኛል፣ ሚስቴ ደግሞ በዚህ ተማምነህማ እዛ አታድርም ብላ ይዛኛለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮው ምድር ጦር
ወንድሜ ሁለት የማይገናኝ ብልሽት ነው የነገርከን፣ አንድ ላይ ደምረህ ሽጉጡ ከዳኝ አትበል። በየራሱ ነው የሚታየው።

የከሸፈችዋን ጥይት ካልጣልካት ቂጧን እያት። መርፌው የመታበት ጉድጓድ ጠልቆ ከሆነ ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፣ ጥፋቱ የጥይቷ ነው፣ ዓመታት እርጥበት ያየች ጥይት እንዲህ ታደርጋለች። ነካ ብቻ ተደርጋ ከሆነ ግን ወይ የመዶሻው ሞላ ደክሟል ወይ መርፌው መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር አለ። ማካሮቭ መርፌውን ወደ ኋላ የሚመልስ ሞላ የለውም፣ ዝም ብሎ ነው ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተተው፣ ስለዚህ የኛ ሰው መሣሪያ ወዳጅ ነኝ ብሎ ዘይትና ግሪስ እዛ ቀዳዳ ውስጥ ሲያንቆረቁር ቅዝቃዜ ሲመጣ ይረጋና መርፌው በጉልበት አይመታም። ጮቄ ተራራ ሥር ያደረ ሰው ይሄን ያውቃል። መርፌውና ቀዳዳው ደረቅ ይሁን። የመዶሻው ሞላ ደሞ እጀታው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋው ነው፣ የታችኛው ጫፉ ካዝናውን ቆልፎ የሚይዘውም እሱው ራሱ ነው፣ እና ካዝናህ የሚወዛወዝ ከሆነ ሞላውንም አብረህ አሳይ።

ቀለህ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ስላይዱ እስከ መጨረሻው ሳይሄድ ሲመለስ ነው፣ ባሩዱ ደካማ ከሆነ፣ ውስጡ ከዛገ ወይ ከቆሸሸ፣ ወይ የያዝክበት እጅ ከላላ። ወይ ደግሞ ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው መንጠቆ ሥሩ ቆሽሾ በደንብ አልያዘም። ጥርስ መፋቂያ ስንጥር ይዘህ ግባበት።

ዳላስ ያለው ጎጃሜ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው ግን እኔ እዚህ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ስሄድ የማየው ሰው የሚለው፣ አንዴ ተበላሽቶ ከተሠራ በኋላ የምትይዘውን ዓይነት ጥይት 200 ያህል ሳይነክስ እስኪተኩስ ድረስ ለነፍስህ አትያዘው ነው። በፈረንጆቹ 1911 የአሜሪካ ጦር ኮልትና ሳቬጅ የሚባሉትን ሽጉጦች ሲያወዳድር ከእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ነው ያስተኮሰው፣ ኮልቱ አንድም ብልሽት ሳይኖረው ሲጨርስ ሳቬጁ 37 ጊዜ ተበላሽቶ ወደቀ። ማለቴ መሣሪያ የሚለካው በብዛት ተተኩሶ ነው ለማለት ነው።

ባለመጋዘኑ (ፍኖተ ሰላም)
200 ጥይት!! ወንድም ዓለም በሬ ሸጬ ነው? ደሞ በዚህ ጊዜ እዚህ ያን ያህል ተኩስ ከተሰማ ኢላማ ልምምድ ነው ብሎ የሚያምነኝ ማን ነው

የዳሞት ልጅ
ውሻ ግዛ። ቀልዴን አይደለም፣ ሁለት ጥሩ ውሻ፣ በር ላይ መብራት፣ ሌሊት የምትደውልለት ጎረቤት። ሽጉጥ እኮ እነዚህ ሁሉ አልፈው ሲመጡብህ ነው።

እህተ ማርቆስ
ከመሣሪያው በፊት ያንተን ጣት ላስብ። ጥይት ስትከሽፍ ወዲያው ከፍታችሁ የምታዩ ልጆች አላችሁ፣ አንዳንዷ ዘግይታ ትፈነዳለች። አፈሙዙን ሰውም ድንጋይም ወደሌለበት አዙሮ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ ከዛ ማውጣት። ይሄ በልምምድ ላይ ነው፣ ሌባ ፊት ለፊትህ ቆሞ ደቂቃ ቁጠር አላልኩም 😄

ሌላው ጥይቱን ከየት አመጣኸው? ብዙ ሰው "ዘጠኝ ነው" ተብሎ ይወስዳል። የማካሮቭ ቀለህ ርዝመት 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው በየቦታው ያለው ዘጠኝ 19 ነው። እርሳሱም ይለያያል፣ የማካሮቭ 9.27 አካባቢ ሲሆን የሌላው 9.01 ነው። አይተካካም። እና አጎትህ አይጣልም ስላሉህ ሳይሆን፣ ብትተወውም ለጎረቤት ዝም ብለህ አሳልፈህ የምትሰጠው ዕቃ አይደለም፣ የጦር መሣሪያ አዋጁን ቁጥር 1177/2012ን አንብበው፣ ፈቃድ ከሰጠህ አካል ጋር ነው የምትጨርሰው።

የድሮው ምድር ጦር
እህቴ ተባረኪ። የዳላሱ ወንድሜ፣ ጥይት መቁጠር የሚመጣው እኮ የብልሽቱ ምክንያት ከታወቀ በኋላ ነው። ምክንያቱን ሳታውቅ 200 ብትተኩስ ሁለት መቶ አንደኛዋ ላይ እንደማይመለስ ማን ዋስ ይሆንሃል? ምክንያቱ ተገኝቶ ከተስተካከለ ደሞ ጥቂት ካዝና በቂ ነው። ምንም ሳይገኝ ዝም ብሎ ከተሻለው ግን፣ ያን ሽጉጥ እኔ ለአባት ወግ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ እንጂ ታጥቄው አላድርም።

ባለመጋዘኑ (ፍኖተ ሰላም)
ይኸው ተመለስኩ። የከሸፈችዋ ጥይት ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ጉድጓዱ ጠልቋል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የመታት። ጥይቶቹን ሁሉ ዘርግፌ ሳይ ቂጣቸው ላይ ያለው ቁጥር ድብልቅልቅ ያለ ነው፣ ግማሹ አባቴ ያስቀመጠው የድሮ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። መንጠቆው ሥር ደሞ እንደ ሬንጅ የደረቀ ዘይት ጠቅጥቆ ሞልቶታል፣ ማርቆስ ያለው ጠጋኝ ፈቶ አጠበልኝ፣ ሞላዎቹ ደህና ናቸው አለ። ከዛ አንድ ዓይነት ቁጥር ባለው አዲስ ጥይት ካዝናዎቹን ሞላሁና በሁለት እጅም በአንድ እጅም ተኮስኩ፣ ምንም አላለም።

ዳላስ ያለው ጎጃሜ
እንኳን ደስ አለህ ግን አንድ ነገር ልጨቅጭቅህ። ጥይቱንም ቀየርክ መንጠቆውንም አጸዳህ፣ ሁለቱን ባንዴ። ቀለሁን ያስቆመው የቱ እንደሆነ አሁንም አታውቅም።

የድሮው ምድር ጦር
እውነቱን ነው። ግን የድሮው ጥይትም ቆሻሻውም ተመልሰው እስካልገቡ ድረስ ለሌሊቱ ይበቃዋል፣ መንጠቆውን በየተኮሰ ቁጥር ያጽዳ፣ የድሮ ጥይት አጠገቡ አይድረስ። ካዝናዎችህ ላይ በሚስማር አንድ ሁለት ብለህ ምልክት አድርግ፣ እንደገና ከነከሰ በየትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። አንደኛው ካዝና ብቻ ላይ ከተደጋገመ ችግሩ የካዝናው ከንፈር (ላይ ጥይቷን የሚይዘው ጠርዝ) ወይ ሞላው ነው፣ ሽጉጡን አትክሰስ። የዛጉትን ጥይቶች ለፖሊስ አስረክብ፣ እንዳትቀብራቸው ልጅ ያወጣቸዋል።

የዳሞት ልጅ
ውሻውስ?

ባለመጋዘኑ (ፍኖተ ሰላም)
አንድ ቡችላ ተገኝታለች 😂 ጋሼ አንድ ልጠይቅዎት፣ ካዝናውን 8ቱንም ሞልቼ ሁልጊዜ ባስቀምጠው ሞላው አይደክምም? አጎቴ 6 ብቻ አድርግ ይለኛል።

የድሮው ምድር ጦር
ደህና ሞላ ተጨምቆ በመቀመጡ ያን ያህል አይጎዳም፣ የሚያደክመው መሙላትና ማራገፍ ሲደጋገም ነው። 8 አድርገው። የመጨረሻዋ ስትገባ አልገባም ካለች ግን አታስገድዳት፣ 7 ይበቃሃል።