አሮጌ ሰርቨሮችን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ብቀይር ላይሰንሶቹ እምቢ አሉኝ

ሰርቨር_ጠባቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ የአይቲ ሥራውን ብቻዬን ነው የምይዘው። አራት አሮጌ ሰርቨሮች አሉን። መብራት በጠፋ ቁጥር ዩፒኤሱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይሸከማቸውም፤ የአንዱ ዲስክማ መንቋቋት ጀምሯል። በስንት ልመና አንድ አዲስ ሰርቨር ተገዛልኝ፦ ሁለት ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ 16 ኮር፣ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ባለ 16 ኮር ላይሰንስ ጋር። ሃይፐር-ቪ (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ የሚያስኬደውን) ጫንኩና አራቱንም ዲስክ-ቱ-ቪኤችዲ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ገልብጬ አስነሳኋቸው። መነሳቱንስ ሁሉም ተነሱ።

አሁን አራቱም ዊንዶውሶች አክቲቬት አድርጊ ይላሉ፤ ሁሉም ከማሽኑ ጋር የመጡ ናቸው። ዶሜይን ኮንትሮለሩ (የሠራተኛውን መግቢያ የሚቆጣጠረው) ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው፣ ሌሎቹ 2016። የሥዕል ፕሮግራሙ ላይሰንስ ሰርቨር ስህተት ቁጥር -9 ያወጣል፣ የማሽኑ መለያ ከላይሰንስ ፋይሉ ጋር አይገጥምም ማለት ነው። የደመወዝ ሶፍትዌሩ ጭራሽ አይከፈትም። የሚሠራው በዩኤስቢ ዶንግል (ላይሰንሱን በያዘ ትንሽ ተሰኪ ቁልፍ) ነበር፤ ዶንግሉን አዲሱ ሰርቨር ላይ ብሰካውም ቨርቹዋል ማሽኑ አያየውም። ደመወዝ የሚሠራው ከ12 ቀን በኋላ ነው። አሮጌዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ እንጂ ምንም አልነካኋቸውም። ከየት ልጀምር?

ፈጣኑ
እህቴ አትጨነቂ፣ አክቲቬተር (ያለ ላይሰንስ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም) አውርደሽ አንቲቫይረሱን አጥፍተሽ ማስኬድ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ እዚህ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የቆየ_አይቲ
ወንድሜ፣ ይህን ምክር እባክህ አትስጥ። ዶሜይን ኮንትሮለር ማለት የቢሮው ሰው ሁሉ የይለፍ ቃል ያለበት ማሽን ነው። እሱ ላይ አንቲቫይረስ አጥፍቶ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ መብት ማስኬድ የቤቱን ቁልፍ ለመንገደኛ መስጠት ነው። ፋይላቸው በሙሉ ተቆልፎ ገንዘብ የተጠየቁ ቢሮዎችን ሄጄ አይቻለሁ፤ አንዱ ቤት የዘጠኝ ዓመት ሥዕል አልተመለሰም።

እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሽን ጋር የመጣ ዊንዶውስ ፈቃዱ የዚያ ማሽን ነው። ዲስኩን ብትገለብጪው ፈቃዱ አብሮ አይሄድም፣ ማሽኑ ሲሞት አብሮት ይሞታል። በየማሽኑ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ «ኤስኤልኤምጂአር»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ «ዲኤልቪ» በዪ፤ የላይሰንሱን ዓይነት ይነግርሻል። ኦኢኤም (ከማሽኑ ጋር የተሸጠ) የሚል ካወጣ መልሱ ያው ነው። አንዳንዴ ሳጥኑ ላይ ያለውን ተለጣፊ ቁጥር ብታስገቢው አክቲቬት ሊሆን ይችላል። አክቲቬት መሆኑ ግን ፈቃድ አለሽ ማለት አይደለም፤ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አዲሱ ሰርቨር ራሱ ነው፣ ያልጠየቅሽው ግን ትልቁ እሱ ይመስለኛል። የስታንዳርድ ላይሰንስ የሚቆጠረው በአካል ባሉት ኮሮች ልክ ነው። ያንቺ 32 ኮር አለው፤ የተገዛልሽ 16 ነው። 32ቱም ሲሸፈኑ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቀድልሻል። ለአራት ደግሞ 32ቱን ዳግመኛ መሸፈን አለብሽ፣ ማለትም 64። ስለዚህ 48 ይጎድልሻል። ማይክሮሶፍት ለ2022 ያወጣው ዋጋ ለ16 ኮር ስታንዳርድ 1,069 ዶላር፣ ዳታሴንተር 6,155 ዶላር ነበር። የጎደለሽ ወደ 3,207 ዶላር ይመጣል። ዳታሴንተር የቨርቹዋል ማሽን ቁጥር አይገድብም፣ ለ32 ኮር ግን 12,310 ዶላር ነው። ባንቺ ማሽን ከ10 ቨርቹዋል ማሽን በላይ ካልሆነ አያዋጣም።

ግን አንድ መላ አለ። ለአራት ትንንሽ ማሽኖች 32 ኮር ምን ያደርግልሻል? አንዱን ፕሮሰሰር አስነቅይው። ያኔ ማሽኑ ባለ 16 ኮር ይሆናል፤ በእጅሽ ያለው ላይሰንስ ሁለት ማሽን ይሸፍናል፣ አንድ ባለ 16 ብቻ ብትጨምሪ አራቱም ተሸፈኑ። የተነቀለው ፕሮሰሰር ሥር ያሉት የሜሞሪ ቀዳዳዎች ስለማይሠሩ ሜሞሪውን ወደ ሌላው አዛውሪ። አስተናጋጁ ዊንዶውስ ላይም ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከማስተዳደር ውጭ ሌላ ሥራ አትጫኚ፣ ውሉ አይፈቅድም።

ከሪያድ
ደመወዙን ዛሬውኑ ወደ ቦታው መልሺው። አሮጌው ማሽን ዊንዶውሱም ዶንግሉም እዚያው ሕጋዊ ናቸው፤ ኮፒውን አጥፊና እሱን አብሪው። የሠራተኛ ደመወዝ በሙከራ ላይ አይንጠለጠልም።

ሃይፐር-ቪ የዩኤስቢ ዶንግልን በቀጥታ ወደ ቨርቹዋል ማሽን አያሳልፍም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እንደ ሃይፐር-ቪ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬዱት ኢኤስኤክስአይና ፕሮክስሞክስ ግን ያሳልፋሉ። ሃይፐር-ቪን ካልቀየርሽ ዶንግሉን በኔትወርክ የሚያቀርብ ትንሽ ሳጥን አለ፤ እኔ የምሠራበት ቦታ ሦስት ዶንግል በአንዱ ላይ ተሰክተው ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሳጥኑም ስዊቹም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፣ አለዚያ መብራት ባንገጫገጨ ቁጥር ፕሮግራሙ ዶንግል የለም ይላል። ከዚያ በፊት ግን ለሻጩ ጻፊ፤ ብዙዎቹ ዶንግሉን መልሰው በሶፍትዌር ቁልፍ ይቀይራሉ።

ስህተት -9 ቀላሉ ነው። ፋይሉ የታሰረው በአሮጌው ኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ (የካርዱ መለያ ቁጥር) ላይ ይሆናል። አሮጌውን ማክ በእጅ ብትጽፊበት ሊሠራ ይችላል፣ ሻጩ ካልፈቀደ ግን ውሉን መጣስ ነው። ላይሰንሱን ወደ አዲስ ማሽን አዛውሩልኝ ብለሽ ጠይቂ። ከመጠየቅሽ በፊት የቨርቹዋል ማሽኑን ማክ ከዳይናሚክ (ሊቀያየር ከሚችለው) ወደ ስታቲክ (ቋሚ) ቀይሪው። እኔ ይህን ዘልዬ ማሽኑን ወደ ሌላ ሰርቨር ባዛወርኩ ጊዜ ማኩ ተቀየረ፤ ሠላሳ መሐንዲስ ግማሽ ቀን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

የቆየ_አይቲ
አንድ ረስቼ ነበር። የዶሜይን ኮንትሮለሩን ኮፒ አትጠቀሚበት፣ አሮጌውና ኮፒው አንድ ላይ ከበሩ ዶሜይኑ ይበላሻል። አሮጌውን አብሪ፣ በአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ንጹሕ 2022 ጭነሽ ዶሜይን ኮንትሮለር አድርጊው፣ የዶሜይኑን ዋና ሚናዎች ወደ እሱ አዛውሪ፣ ከዚያ አሮጌውን በሥርዓቱ አስወግጂ። ዶሜይኑ ጥንት የተመሠረተ ከሆነ ሲስቮሉ (የዶሜይኑ የጋራ ፎልደር) አሁንም በድሮው የፋይል ማባዣ በኤፍአርኤስ እየተባዛ እንዳይሆን አስቀድመሽ እዪ፤ 2022 አይቀበለውም። 2012 አር2ን መተው ደግ ነው፣ ድጋፉ ጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለ2022 የ2022 ካል (ሰርቨሩን ለሚጠቀም ለእያንዳንዱ ሰው ወይም መሣሪያ የሚገዛ ፈቃድ) ያስፈልግሻል፣ የድሮው አይሸፍንም። 2016ቱን ግን በአዲሱ ላይሰንስ እዚያው 2016 ላይ ማቆየት ትችያለሽ፤ የ2016 ቁልፍ ከሻጭሽ ጠይቂ።

ሰርቨር_ጠባቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደመወዙ ወደ አሮጌው ማሽን ተመልሷል፣ የሂሳብ ክፍሏ እሙዬ የወሩን መዝገብ ከፍታ አይታ «ተመስገን» ብላኛለች። ኮፒ ዶሜይን ኮንትሮለሩን አጥፍቼ አሮጌውን አብርቻለሁ። ማኩን ስታቲክ አድርጌ ለሥዕል ፕሮግራሙ ሻጭ ጻፍኩ፤ የግዢውን ደረሰኝ ጠይቀው በማግስቱ አዲስ ፋይል ላኩ፣ -9 ጠፋ። ለሥራ አስኪያጁ የ48ቱንና የ16ቱን ሂሳብ ጎን ለጎን ጽፌ አሳየሁት፣ ፕሮሰሰሩ ይነቀል ብሏል። እሑድ ቢሮው ባዶ ሲሆን እነቅለዋለሁ። የዶንግሉን ሻጭ መልስ ገና እየጠበቅኩ ነው።

ከሪያድ
ጎሽ እህቴ። ፕሮሰሰር ሁለትን ነው የምትነቅይው፣ አንድን አይደለም። ባዶውን ሶኬት በፕላስቲክ ክዳኑ ሸፍኚው።