የቴፕ ንባቡ ዕቅድ፦ ድራይቩ እንዳይቆም እናድርግ

ሰላም ለሁላችሁ። በቴፕ ላይ ያሉትን ጽሑፎቻችንን ወደ ኮምፒውተር የማውረዱ ሐሳብ ለጉባኤው ከመቅረቡ በፊት የቴፕ ንባቡን ክፍል እዚሁ እንጨርሰው። ያለን ማሽን ስፓርክስቴሽን 20 የሚባል የሰን ኮምፒውተር ነው፣ ድራይቩ (ቴፑን የሚያነበው መሣሪያ) ደግሞ ዲኤልቲ 4000። «አዲስ ድራይቭ እንግዛ» የሚለው ብዙ ደጋፊ እንዳለው አይቻለሁ። እኔ አልስማማም። ድራይቩ ያለ ጭመቃ በሰከንድ 1.5 ሜጋባይት ያነባል። በዚህ ሂሳብ 20 ጊጋባይት የያዘ ቴፕ 4 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ ነበረበት። የሞከርነው ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀብን።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ዳታውን የሚቀበለው ወገን ከዘገየ ቴፑ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ ግን በሩጫ ላይ ስለነበር ቦታውን አልፎ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ፍጥነት ይዞ እንደገና መምጣት አለበት። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ጊዜው ይበላል፣ ቴፑም ሄዱም (ቴፑን የሚያነበው የድራይቩ ክፍል) ያልቃሉ። እኛ ያን ቀን የሚነበበውን በቀጥታ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን እየላክን ነበር። የዚህ ማሽን ኢተርኔት (የኔትወርክ መስመሩ) በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። መስመሩ ባዶ ቢሆን እንኳ በሰከንድ ከ1.25 ሜጋባይት አያልፍም፤ ድራይቩ ከሚያወጣው ያንሳል። ዳታው ሲጻፍ ድራይቩ ራሱ ጨምቆት (አሳንሶት) ከነበረማ፣ ሲያነብ መልሶ ስለሚዘረጋው የሚያወጣው ይበዛል፣ ይብሳል።

ስለዚህ ድራይቭ ሳይሆን ዲስክ እንግዛ። ሁለተኛ የስካዚ ካርድ (ድራይቭና ዲስክ የሚያያዝበት) በኤስባስ (በማሽኑ የካርድ መሰኪያ) እንሰካ፣ ቴፑ በአንዱ መስመር ዲስኩ በሌላው ይሁን። መጀመሪያ ቴፑ እንዳለ ወደ ዲስክ ይውረድ። ወደ ኔትወርኩ ሌሊት ይተላለፋል፤ ያኔ ቢዘገይም ማንንም አይጎዳም።

ከአንድ አባል፦
የዲዲን (ዳታ የሚገለብጠው ትእዛዝ) ብሎክ፣ ማለትም በአንዴ የሚያነሳውን መጠን፣ ከፍ ብናደርገው ያለ ምንም ወጪ አይፈጥንም?

መልስ፦
ጋሼ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ቴፑ በተለዋዋጭ ብሎክ (መጠኑን የሚጽፈው ፕሮግራም በሚወስነው) ከተጻፈ አንድ ንባብ የሚያመጣው አንድ ብሎክ ብቻ ነው። ታር (ፋይሎችን ወደ ቴፕ የሚጽፈው ፕሮግራም) ሌላ መጠን ካልተነገረው በስተቀር በ10,240 ባይት ይጽፋል፤ እኛ 64 ኪሎባይት ብንጠይቅም የሚመጣው ያው 10,240 ነው። ከተጻፈው ያነሰ ከጠየቅን ደግሞ ስህተት ይሰጣል። የሚጠቅመው ሁለት ዲዲ በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብል) ማያያዝ ነው፦ አንዱ ከቴፕ ያነባል፣ ሌላው በትልቅ ብሎክ ዲስክ ላይ ይጽፋል። አንድ ዲዲ ብቻውን ሲሆን እየጻፈ አያነብም፣ በዚያ መሃል ቴፑ ይጠብቃል። የእርስዎን ሐሳብ በዚህ መልኩ አስገብቼዋለሁ።

ከሌላ አባል፦
በዲስኩ እስማማለሁ። ግን የሶላሪስ (የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ስሪታችሁን እዩ። ከ2.6 በፊት ከሆነ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ንባቡ መሃል ላይ ይቋረጣል። ካላሻሻላችሁት በቁራጭ ይቀመጥ። የስካዚ ኬብሉንም እዩ፣ በዚህ ማሽን የስካዚ ፍጥነት ከ3 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ተርሚኔተሩ (የኬብሉን ጫፍ የሚዘጋው መሰኪያ) መጨረሻው ላይ መኖሩን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

መልስ፦
ሁለቱም ገብተዋል፣ ተባረክ። ሄዱን በማጽጃ ካሴት ማጽዳትንም ጨምሬያለሁ። የቆሸሸ ሄድ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነባል፣ ከውጭ ለሚያየው ግን ዝም ብሎ የዘገየ ነው የሚመስለው።

ከአንዲት አባል፦
የአማርኛ ጽሑፎቹስ? ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሉ የራሱ ኮድ ነበረው። ከቴፑ ሲወርድ አብሮ ወደ ዩኒኮድ ቢለወጥ ብዬ ነበር።

መልስ፦
እህቴ፣ እባክሽ እሱ ለኋላ ይቆይ። መለወጡ ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል፣ ያኔ ቴፑ ተመልሶ መቆም ይጀምራል። ኮዱን ስተን ብንለውጥ ደግሞ ዋናው ቅጂ በእጃችን ካለ መመለስ እንችላለን። እነዚህ ጽሑፎች ሌላ ቦታ የሉም፣ ስለዚህ እንዳለ የወረደው ቅጂ መቼም አይነካ። የመለወጡን ክፍል አንቺ ብትጽፊው ደስ ይለኛል፣ በረቂቁ ሦስተኛ ምዕራፍ ቦታ ትቼልሻለሁ።

ረቂቁን ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። የኤስባስ ስካዚ ካርድ ቤቱ ያስቀመጠ ካለ እስከ ሐሙስ ይንገረኝ፤ ካልተገኘ በጀቱ ላይ እጨምረዋለሁ።