ደብረ ብርሃን በዚህ ውርጭ ሕፃን ፀሐይ የሚሞቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

በረሳ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአምስት ሳምንት ወንድ ልጅ አለን፤ ቀኑን ጨርሶ የተወለደ፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለክትትል ስንሄድ «ፀሐይ አሙቁት» ተባልን፤ ሰዓቱንና አኳኋኑን ግን ማንም አላብራራልንም። አማቴ ደግሞ «ክርስትና ሳይነሣ ደጅ አይወጣም፤ ብርዱ ሳንባውን ይመታዋል» ይላሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አያስቀምጥም። ታዲያ ስንት ሰዓት ላይ ላውጣው? ለስንት ደቂቃ? በመስኮቱ መስታወት የሚገባው ፀሐይስ አይበቃም? ቅቤ መቀባቱስ ይጠቅማል?

የሕፃናት ነርስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ እኅቴ።

መስታወቱ አይበቃም። ልጅ ፀሐይ የሚሞቀው ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ነው፤ ቆዳ ይህን ቫይታሚን የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን ጨረር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀረዋል። ሙቀቱና ብርሃኑ ይገባል፣ የሚፈለገው ውጭ ይቀራል። ወር ሙሉ እዚያ ቢተኛ ይሞቀው ይሆናል እንጂ ለአጥንቱ አንዳች አያገኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። «የጠዋት ፀሐይ» ሲባል 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ ልጅ ይዞ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ስለሆነች ጨረሯ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰው፤ የምንፈልገው ክፍል መንገድ ላይ ተጣርቶ ይቀራል። ለልጁ የሚተርፈው ብርዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ ይልቅ ጥላሽን እዪ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ጥላሽ ከቁመትሽ ከረዘመ ገና ነው፣ ከቁመትሽ ጋር ሲተካከል ደርሷል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ በመጋቢት ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያኔ ውርጩም ቀልጧል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ግን ለጨቅላ አይሆንም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ቆዳ ሲቃጠል እንኳ ቶሎ አይታወቅም።

አሁን አወጣጡን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጡት አጥቢው። በዚህ የውርጭ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናትና ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግድግዳ ወይም የድንጋይ ካብ ሥር ተቀመጪ፤ ከነፋስ ይከልልሻል፣ ድንጋዩም የሞቀውን መልሶ ይሰጣል። ጋቢ አጥፈሽ ጭንሽ ላይ አድርጊና ልጁን አስተኚው። ኮፍያ ይኑረው፣ ዓይኑ ፀሐይ አይግጠመው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እግሩን ብቻ ገልጠሽ 5 ደቂቃ። ቀጥሎ እግርና ክንዱን 10 ደቂቃ። ሲለምድ 15 ደቂቃ፣ ግማሹን በጀርባው ግማሹን በሆዱ። ደረቱ ላይ ስስ ጥጥ ልብስ ቢቀር ችግር የለውም። በሳምንት ሦስት አራት ቀን በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሲንሲናቲ ላይ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት የተሠራው ጥናት ዳይፐር ብቻ ለብሰው በሳምንት 30 ደቂቃ፣ ወይም ልብስ ለብሰው ያለ ኮፍያ 2 ሰዓት እንደሚበቃ ነው ያሳየው። ጠቆር ያለ ቆዳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በእኛ በኩል ደግሞ ፀሐይዋ ትበረታለች።

ብርድ ሲሰማው እጁን ነክተሽ አትፍረጂ፤ የጨቅላ እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ዳሰሺ። ማጅራቱ ከቀዘቀዘ ወይም ቆዳው ዥንጉርጉር ካለ ሸፍነሽው ግቢ።

ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ለቫይታሚኑ የሚጨምረው የለም።

ጣርማ በር

በነርሷ መልስ እስማማለሁ። ስለ አማትሽ ስጋት ግን ልጨምር፤ ሳንባ ምች መፍራታቸው ትክክል ነው፣ መፍትሔው ግን ቤት መዝጋት አይደለም።

አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ሳንባ ምች ከያዛቸው ከአምስት ዓመት በታች 500 ልጆች መካከል 210ሩ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ነበረባቸው፤ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ብቻ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጎድን አጥንት ሲለሰልስና ጡንቻ ሲደክም ልጁ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውንም ስሎ ማውጣት ያቅተዋል። ከፀሐይ የተደበቀ ልጅ ከዚያው ከተፈራው በሽታ ጋር ነው የሚገናኘው። ይህንን ለአማትሽ በእርጋታ ንገሪያቸው።

ሌላው ጭሱ ነው። ብርድ ሲሆን ልጁ ኩበት ከሚነድበት ምድጃ አጠገብ ይተኛል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጣሪያው ሥር ሰማያዊ ጭስ ይንሳፈፋል። የልጅ ሳንባ የሚጎዳው በዚህ ነው። ከሰል ደግሞ ጭስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ተኝቶ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ ላይነሣ ይችላል። ደጅ የምታሳልፉት ጊዜ ከዚህም ያሳርፋችኋል፤ እግረ መንገዱንም በርና መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ።

ክርስትናው ለወንድ በ40 ቀኑ ስለሆነ የእናንተ ደርሷል። ሴት ልጅ ላላቸው ግን 80 ቀን መጠበቅ ይረዝማል። ጓሮ ካብ ሥር መቀመጥ አደባባይ መውጣት አይደለም፤ የሰው ዓይን ለሚፈሩም መንገደኛ የማያይበት ቦታ ነው።

በረሳ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፀሐይ በጠፋባቸው ቀናትስ? ጠብታም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሕፃናት ነርስ

አለ፤ እንዲያውም ለሁሉም ጡት ለሚጠባ ልጅ ቢሰጥ እመርጣለሁ። የእናት ጡት ወተት ለሁሉ ነገር የተሟላ ቢሆንም ቫይታሚን ዲው በጣም ጥቂት ነው። እስከ አንድ ዓመት የሚሰጠው በቀን 400 ዩኒት ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምለው መለያውን አንብቢ ነው። አንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒቱን በ1 ጠብታ ይይዛል፣ ሌላው በ1 ሚሊ ሊትር። በጠብታ የሚለካውን በሲሪንጅ ሞልቶ የሰጠ ሰው ብዙ እጥፍ ሰጠ ማለት ነው፤ ሲደጋገም ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ ይልና ልጁ ያስመልሳል፣ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ፋርማሲስቱ በእጁ ለክቶ ያሳይሽ።

በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሲገለጥ ሰዓቱ ከደረሰ ያንኑ 10 ደቂቃ ተጠቀሚበት። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ መጀመሪያ በሐኪም ይታይ፤ ለእሱ ከፀሐዩ ጠብታው ይቀድማል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጨቅላንም በፀሐይ አድነዋለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በተለይ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ከስድስት ወር በኋላ እነዚህን ተከታተዪ፦ ሲተኛ ጭንቅላቱን ከልክ በላይ ማላብ፣ የእጅ አንጓ መወፈር፣ የጎድን አጥንት ጫፍ እንደ ዶቃ መቋጠር፣ የጥርስና የመቀመጥ መዘግየት። እርግብግቢቱ እስከ 18 ወር ካልገጠመም ይታይ። መራመድ ሲጀምር እግሩ ከጎበጠ በመጠገኛ እንጨት አይታሰርም፤ ሕክምናው ቫይታሚንና ካልሲየም ነው።

ሸዋ ሮቢት

ቆላ ላለን ሰዎች፦ የጥላው ምልክት እዚህም ያው ነው፣ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ጥላው ሲተካከል 5 ደቂቃ አሙቃችሁ ወዲያው ወደ ዛፍ ጥላ። ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ ቢሞቀውም ውኃ አይሰጠውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቡት።

ጣርማ በር

አንድ የረሳሁት፤ እኅቴ፣ አንቺም ነጠላሽን ከክንድሽ አውርደሽ አብረሽው ሙቂ። አራስ ጨለማ ክፍል ስትከርም እንቅልፏ ይዛባል፤ የረፋድ ብርሃን ቀንና ሌሊቱን ለሰውነት ይለያል። ልጁ ሲገባ ለሰው ሰጥተሽ ግቢውን 10 ደቂቃ በዝግታ ዙሪ፤ በወሊድ ሰሞን ለረጅም ጊዜ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ባትሽ ከታመመ ግን አታሽው፣ ዛሬውኑ ታዪ።